መርዶ ሳይቀድመን ወረቀታችን ይቅደም

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ በር ከተንኳኳ፣ የመጣው ቁርስ ልብላ ያለ እንግዳ አይደለም። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው የያዙ ሽማግሌዎችና አንድ የንስሐ አባት ናቸው። ከኋላቸው ደግሞ የፈረንጅ ጎረቤት እንዳይቀሰቀስ የመኪናቸውን በር ቀስ አድርገው የሚዘጉ ወጣቶች ይከተላሉ። ይህን ሥርዓት ከአገር ቤት ይዘነው መጥተናል። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ከሥራ ቦታው ተጠርቶም አይነገረውም። ማለዳ፣ ባለ ሐዘኑ ቤቱ ሳለ፣ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ ይነገራል።

እ.ኤ.አ. በ2023 መጸው ላይ፣ ከእነዚህ ማለዳዎች በአንዱ፣ ይህ ጸሐፊ ከኋላ ከቆሙት አንዱ ነበር። በሩን የከፈተችልን እህት አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ናት፤ የሥራ ልብሷን ለብሳ ለመውጣት ስትሰናዳ ነው የደረስንባት። ገና ስታየን፣ ማንም አፉን ሳይከፍት፣ ነገሩ ገባት። «እማዬ ናት?» አለች። ሌላ ቃል አላስፈለገም።

ለቅሶው ትንሽ ጋብ ሲል «ልሂድ! ዛሬውኑ ልሂድ! ትኬት ቁረጡልኝ!» ማለት ጀመረች። ሁላችንም እትዬ እያልን የምናከብራቸው አንዲት ጠና ያሉ ሴት ጎንበስ ብለው «ወረቀትሽስ ልጄ?» አሏት። ቤቱ በአንድ ጊዜ ዝም አለ።

ወረቀት አልነበራትም። የጥገኝነት ጥያቄዋን ካስገባች ሰባት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ለቃለ መጠይቅ ግን ገና አልተጠራችም። ከወጣች መመለሻ የላትም። ስለዚህ እናቷን ሽሮ ሜዳ የቀበሩት ጎረቤቶች ሲሆኑ፣ እሷ ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርትመንቷ ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

በዚያ ቤት ሦስት ቀን ስቀመጥ ከለቅሶው ሌላ የሚከነክነኝ ነገር ነበር። እሱን ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ። አሁን ግን ላነሣው የፈለግሁት ሁላችንንም የሚመለከተውን ጉዳይ ነው፤ አገር ቤት ለመሄድ መሰናዳት ማለት ምን ማለት ነው?

ሠርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ

አብዛኞቻችን ለጉዞ መሰናዳት ማለት ሻንጣ መሙላት ይመስለናል። ቅናሽ ሲወጣ ጫማና ልብስ እንሰበስባለን፤ ቁም ሳጥኑ ውስጥ «የአገር ቤት» የሚባል ጥግ አለን። ፓስፖርታችን መቼ እንደሚያልፍበት፣ ግሪን ካርዳችን ላይ ምን ዓመት እንደተጻፈ ግን ብንጠየቅ አናውቅም። ያንን የምንመለከተው እናት የታመመች ዕለት ነው። ያኔ ሠርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ ይሆናል።

ልብ በሉ፤ በአገራችን ልማድ ቀብር በዕለቱ ወይም በማግስቱ ነው። ከደለስ ኤርፖርት አዲስ አበባ በቀጥታ የሚበረው አውሮፕላን እንኳ ወደ 13 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ከዚያ ላይ መርዶው ብዙ ጊዜ የሚደርሰን አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ነው። እንግዲህ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ከዚህ ተነሥቶ ለቀብር የሚደርስ የለም ማለት ይቻላል። ቢቀናው ለአርባው ይደርሳል፤ ካልሆነም ለሰማንያው ወይም ለሙት ዓመቱ። መድረስ የሚቻለው እናት በሕይወት ሳለች ነው፤ ለቡና ነው መድረስ የሚቻለው። ለዚያ ደግሞ ሰው ሳይታመም፣ ስልክ ሳይደወል መሰናዳት ያስፈልጋል።

ይህን የምለው ከሰው ሰምቼ ብቻ አይደለም። እኔ እ.ኤ.አ. ከ2005ቱ ምርጫ ማግስት፣ ጋዜጦች ሲዘጉና የሥራ ባልደረቦቼ ወደ ቃሊቲ ሲወሰዱ፣ ለትምህርት ወጥቼ በዚያው የቀረሁ ሰው ነኝ። አባቴ በ2011 ሲያርፉ ጥገኝነት ከተሰጠኝ ዓመታት አልፈው ነበር፤ ሆኖም የያዝኩት ወረቀት ከኢትዮጵያ በቀር ወደ ሌላው ዓለም የሚያሻግር ነበር። አሌክሳንድሪያ ውስጥ በጓደኞቼ መካከል ተቀምጬ አለቀስኩ። መቃብራቸውን ያየሁት በ2019 ነው። ስምንት ዓመት ማለት ነው።

መንገዱ ቀርቧል፤ እኛስ?

ሰማዩን ካየን ርቀቱ እንደ ዛሬ ቀርቦ አያውቅም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1945 ተቋቁሞ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 1946 የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ፣ አሜሪካ ለብዙው ሰው በወሬ የሚታወቅ አገር ነበር። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ በሱዳን በረሃ አቋርጠው፣ በ1980 የወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በከፈተው በር ወደዚህ የገቡት ወገኖቻችን አገር ቤት ደርሶ መመለስን በሕልማቸውም አያስቡትም ነበር። ከ1991 የመንግሥት ለውጥ በኋላ መሄድ የቻለውም ቢሆን ፍራንክፈርት ወይም ሮም ወይም ለንደን ላይ ወርዶ፣ ሻንጣውን ተከትሎ አድሮ፣ ነበር የሚደርሰው። አየር መንገዱ ወደ አሜሪካ መብረር የጀመረው በ1998 ነው። በነሐሴ 2012 ደግሞ የመጀመሪያውን ድሪምላይነር ተረክቦ ወደ አዲስ አበባ ያስገባው ከዚሁ ከደለስ አስነሥቶ ነበር።

የፖለቲካውም በር እንዲሁ ሲዘጋና ሲከፈት ቆይቷል። በሐምሌ 2018 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዋሺንግተን መጥተው ስደተኛውን ሲያነጋግሩ፣ በሌሉበት ተከስሰው የነበሩ ብዙ ጋዜጠኞችና ፖለቲከኞች ክሳቸው ተነሥቶ አገራቸውን አዩ። ከዚያ በ2020 የሰሜኑ ጦርነት መጣ። በነሐሴ 2023 ደግሞ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር ነው፤ በሩ ሲከፈት ወረቀቱ ዝግጁ የሆነ ይገባል፤ ያልተሰናዳ እስኪሰናዳ በሩ ይዘጋበታል።

አራት ዓይነት መንገደኛ

ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንዲሉ፣ ከሻንጣው በፊት የራስን ሁኔታ ማወቅ ይቀድማል። በመካከላችን አራት ዓይነት መንገደኛ አለ።

የመጀመሪያው የጥገኝነት ጥያቄው ገና መልስ ያላገኘ ነው። ይህ ሰው አድቫንስ ፓሮል የሚባለውን ፈቃድ አስቀድሞ ሳያገኝ ከአሜሪካ ከወጣ ጥያቄውን እንደተወ ይቆጠርበታል። ፈቃዱን ይዞም ቢሆን ሸሸሁት ወዳለው አገር ከተመለሰ፣ ይህን ያስገደደው ከባድ ምክንያት መኖሩን ማስረዳት ካልቻለ በቀር ያው ነው። የመርዶው ዕለት «ግድ የለም ሂጂ፣ ፈጣሪ ያውቃል» የሚል መካሪ አይጠፋም። እንዲህ ያለው መካሪ ቅን ሊሆን ይችላል፤ ጠበቃ ግን አይደለም።

ሁለተኛው ጥገኝነት የተሰጠው ነው። ለእሱ የሚያስፈልገው የስደተኛ የጉዞ ሰነድ የሚባለው ነው። ማመልከቻው ከአሜሪካ ሳይወጣ መግባት አለበት። የሚያገለግለው ለአንድ ዓመት ብቻ ሲሆን አይታደስም፤ እንደገና ማመልከትና ወራት መጠበቅ ግድ ነው። ይህ ሰነድ ወደ ብዙ አገር ያደርሳል፤ ወደ ተሰደዱበት አገር መመለስ ግን ጥገኝነቱን ራሱን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። ለዚህ ነው ብዙ ቤተሰብ ናይሮቢ ወይም ዱባይ ላይ ቀጠሮ የሚይዘው። ኬንያ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ ስለማትጠይቅ እናትን ናይሮቢ ማምጣት ይቀልላል። የስደተኛ ሰነድ የያዘው ልጅ ግን የራሱን ቪዛ አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት። አንድ የታክሲ ነጂ ወዳጄ እናቱን ናይሮቢ ላይ አሥር ቀን አግኝቷቸዋል። «ቤታችንን አላየሁም፤ የቤታችንን ሽታ ግን አገኘሁ» ብሎኛል።

ሦስተኛው ባለ ግሪን ካርድ ነው። ስድስት ወር ያለፈ ቆይታ ለዜግነት የሚቆጠርለትን ጊዜ ሊያቋርጥበት ይችላል። ከዓመት በላይ ለመቆየት ያሰበ እዚሁ ሳለ የመመለሻ ፈቃድ ማመልከት አለበት። ግሪን ካርዱን ያገኘው በጥገኝነት ከሆነ ደግሞ፣ ወደ አገር ቤት መሄዱም ሆነ የአገሩን ፓስፖርት ማሳደሱ በኋላ ጥያቄ ሊያስነሣበት ስለሚችል ትኬት ከመቁረጡ በፊት ጠበቃ ያማክር።

አራተኛው ዜግነት የወሰደው ነው። ብዙዎቻችን ዜግነት መውሰድን እንደ ክህደት ስናየው፣ ማመልከቻውን በመሳቢያ ውስጥ ስናሳድር ዓመታት አልፈዋል። የሚገርመው ግን፣ ከስደተኞች መካከል እናቱን ያለ ሥጋት ሊያይ የሚችለው አሜሪካዊ የሆነው ነው። ሆኖም እሱም ዝግጅት አለበት። የኢትዮጵያ ሕግ ጥምር ዜግነት አይፈቅድም፤ ስለዚህ አሮጌውን ፓስፖርት ይዞ ልግባ ማለት አይሠራም። ወይ ቪዛ፣ ወይ በ2002 በወጣው አዋጅ የተፈቀደውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ማለትም ቢጫ ካርዱን፣ መያዝ ያስፈልጋል። ቢጫ ካርድ ያለው ቪዛ አይጠየቅም። የአሜሪካ ፓስፖርቱ ግን ከጉዞው ቀን በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረው ቢሆን ይመረጣል።

ልጆችን አንርሳ። ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ፓስፖርት የሚያገለግለው ለአምስት ዓመት ብቻ ነው፤ ሲወጣም የሁለቱም ወላጆች ፈቃድ ይጠየቃል። ባልና ሚስት ተለያይተው ከሆነ ይህ ፊርማ የሚገኘው በሰላም ጊዜ እንጂ በለቅሶ ማለዳ አይደለም።

የስደተኛ ሕግ በየጊዜው የሚለዋወጥ ነው። ከላይ ያልሁት መንገዱን ለማሳየት ነው እንጂ ጠበቃን አይተካም። ከጠበቃ ጋር አንድ ሰዓት መነጋገር ከአንድ ትኬት በብዙ ይረክሳል።

እኔ እዚያ ነው ያደግሁት

ወረቀቱ ካለቀ በኋላ ሐኪም ነው። «እኔ እዚያ ነው ያደግሁት፣ ምን ይነካኛል?» የሚል ሰው ሞልቷል። አዲስ አበባ የወባ ሥጋት የለባትም። ነገር ግን ከ2,500 ሜትር በታች ባሉ ቦታዎች ወባ አለች፤ ባሕር ዳርም፣ ሐዋሳም፣ ድሬዳዋም ከዚያ በታች ናቸው። በልጅነታችን የነበረን የመቋቋም ኃይል ከብዙ ዓመት የውጭ ኑሮ በኋላ አብሮን አይቆይም። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ደግሞ ከመጀመሪያውም የላቸውም። የወባው ክኒን ከመሄድ በፊት ተጀምሮ ከተመለሱ በኋላም የሚቀጥል ስለሆነ፣ ከአንድ ወር በላይ ቀደም ብሎ ሐኪም ማነጋገር ይገባል። የታይፎይድና የጉበት ክትባቱንም ያኔውኑ ይጠይቁ።

ደም ግፊት ወይም ስኳር ያለበት መድኃኒቱን ለቆይታው ከሚበቃው አትርፎ፣ ስሙ ከተጻፈበት ጠርሙስ ሳያወጣ፣ በእጁ በሚይዘው ቦርሳ ውስጥ ያድርግ። ሻንጣ ሊዘገይ ይችላል፤ ስኳር ግን ሻንጣ አይጠብቅም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ከተማ ናት። የፖቶማክ ወንዝ ዳር ለለመደ ሳንባ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንፋሽ ያሳጥራሉ። ልቡን የሚያመው ሰው በደረሰ ማግስት እንጦጦ ልውጣ አይበል።

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ

አሁን ወደ ሻንጣው እንምጣ። በተለመደው የኢኮኖሚ ትኬት የሚፈቀደው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ በእጅ ደግሞ 7 ኪሎ ነው። የቀድሞ መንገደኞች እያንዳንዱ 32 ኪሎ የሆነ ሁለት ሻንጣ ይዘው የሄዱበትን ዘመን እያነሡ ይተክዛሉ። አርባ ስድስት ኪሎ ብዙ ይመስላል። ጉዞው እንደተሰማ ግን ሳውዘርን ታወርስ ያለው የአክስት ልጅ፣ ፌንተን ስትሪት ላይ ቡና ሲጠጡ ያገኙት ወዳጅ፣ በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሰላም ብቻ ይባባሉ የነበሩ ሰው ሁሉ «ትንሽ ነገር ናት» ይዘው ይመጣሉ። ትንሿ ነገር ስትመዘን አራት ኪሎ ናት።

አንድ ሥርዓት ልምከር። ከመጓዝ አንድ ወር በፊት ወረቀት ላይ ሦስት መስመር ይሰመር። የመጀመሪያው መድኃኒት፣ መነጽር፣ የጆሮ ማዳመጫ መሣሪያና ለሕመምተኛ የሚሆን ነገር ነው፤ ይህ ከማንም ይምጣ ከማን ቦታ ይሰጠዋል። ሁለተኛው ለአዛውንት የሚላክ ነው። ሦስተኛው ሌላው ሁሉ ነው፤ ስኒከሩም፣ ሽቶውም፣ ስልኩም እዚህ ይገባል። ሚዛኑ ሞላ ሲል የሚቀነሰው ከሦስተኛው ይሁን። የእጅ ሚዛን ገዝቶ ቤት ውስጥ መመዘን ደግሞ ደለስ ኤርፖርት ወለል ላይ ሻንጣ ዘርግቶ፣ የውስጥ ልብስ ለሕዝብ እያሳዩ ከአንዱ ወደ ሌላው ከማዘዋወር ያድናል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?

የታሸገ ዕቃ ሳይከፍቱ አለመቀበል ነውር አይደለም። «ሻንጣህን ራስህ ነህ ያሰናዳኸው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ እውነት መሆን አለበት። «ወንድሜ፣ ሕጉ ነው፣ እዚሁ እንክፈተው» ማለት ነው። የማይከፈት ዕቃ የማይላክ ዕቃ ነው። ፓወር ባንክና ትርፍ ባትሪ ከታች በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ በእጅ ይያዛል። ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ይዞ የሚወጣ ቤተሰብ ለአሜሪካ ጉምሩክ ማስመዝገብ አለበት።

ሲመለሱም እንደዚሁ ነው። እናት ያሰናዱትን ቋንጣ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ቅቤውም ችግር ያመጣል። በርበሬና ሽሮ ቅጹ ላይ አስመዝግቦ፣ ሲጠየቁ ማሳየት ነው። ከ2018 ጀምሮ በእጅ የሚያዝ ብዙ ዱቄት በፍተሻ ላይ ተጨማሪ ምርመራ ስለሚያስከትል በርበሬው ከታች ይጫን። አልያዝኩም ብሎ ተይዞ መቀጣት ከበርበሬው ይልቅ ያቃጥላል።

ከደለስ እስከ ቦሌ

ድሮ አንድ ሰው ለመሸኘት አራት መኪና ይወጣ ነበር። አሁንም ይወጣል። ግን ሸኚ የሌለው ሰው እንዳይጨነቅ፣ ከኅዳር 2022 ጀምሮ የሲልቨር ላይን ባቡር ደለስ ኤርፖርት ይደርሳል። ከሲልቨር ስፕሪንግ በሬድ ላይን ተነሥቶ ሜትሮ ሴንተር ላይ መቀየር ነው። ከአሌክሳንድሪያ ደግሞ ኪንግ ስትሪት ላይ ብሉ ላይን ይዞ ሮዝሊን ላይ መቀየር ነው። ለሁለት ሻንጣ ቀላል ባይሆንም ይቻላል። ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ መድረስ ግን በመኪናም በባቡርም ያው ነው።

ለቤተሰብ የመድረሻውን ሰዓት ስንነግር በአገራችን አቆጣጠር ይሁን። የመጀመሪያ ጊዜ ስሄድ «በ7 ሰዓት እደርሳለሁ» ብዬ ለእናቴ በስልክ ተናግሬ፣ እሷ ከሰዓት በኋላ መስሏት ምሳ እያሰናዳች ሳለ እኔ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቦሌ ብቻዬን ቆሜ ነበር። ቀኑንም እንዲሁ ነው። ትኬቱ ላይ ዲሴምበር 28 የሚለው አገር ቤት ታኅሣሥ 19 ነው። ሁለቱንም ጽፎ መላክ ብልህነት ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ክፍለ አገር የሚቀጥል ሰው የመንገዱን ሁኔታ ከዚያው ካሉ ዘመዶቹ ሳይጠይቅ አይነሣ። ከ2023 ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት አንዳንዱን መንገድ ለወራት ሲዘጋ አይተናል። ሽማግሌ ወላጅ ወደ አዲስ አበባ መምጣት የሚችል ከሆነ ወጪውን ችሎ ማስመጣት ይሻላል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ቦሌ በር ላይ የሚጠብቀን ጥያቄ ነው፤ «እንዴት ነህ? ኑሮ እንዴት ነው?» አሌክሳንድሪያ ውስጥ በመኪና ማቆሚያ ቤት በቀን አሥራ ስድስት ሰዓት የሚሠራ ሰው አገር ቤት ሲደርስ ለሁለት ሳምንት ሀብታም ይሆናል፤ ሲመለስ ለሁለት ዓመት ዕዳ ይከፍላል። በሐምሌ 2024 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲደረግ ዶላሩ በብር ሲመነዘር እጅግ በዛ፤ የገበያውም ዋጋ አብሮ ወጣ። ስለዚህ የሚሰጠውን ገንዘብ እዚሁ ቆርጦ፣ ለማን ምን ያህል እንደሆነ ጽፎ መሄድ ያስፈልጋል። እውነቱን መናገርም መሰናዶ ነው። እናቴ ስለ ሥራዬ እውነቱን ስነግራት አላዘነችብኝም፤ «ታዲያ ለምን ይህን ሁሉ ጊዜ ደከምህ ብለህ ሳትነግረኝ ኖርክ?» ነው ያለችኝ።

የጫማው ነገር

አሁን በመጀመሪያ ወዳቆየሁት ልመለስ።

በጥር 2023 ለጥምቀት አገር ቤት ስሄድ፣ ያቺ የሲልቨር ስፕሪንግ እህት ደውላልኝ ነበር። ለእናቷ ጫማ ገዝታለች። እግራቸው ስለሚያብጥ ሰፋ ያለ፣ ውስጡ ለስላሳ የሆነ። «አንድ ኪሎ አይሞላም ጋሼ» አለችኝ። እኔም «ሻንጣዬ ሞልቷል፣ በሚቀጥለው እወስድልሻለሁ» አልኳት። ሻንጣዬ በእርግጥ ሞልቶ ነበር። የሞላው ግን በሦስት ጥንድ ስኒከር፣ ማንም ባልጠየቀኝ ሽቶና በሁለት ጠርሙስ ውስኪ ነበር። በዚያው ዓመት መጸው ላይ መርዶ ይዤ ከቆሙት ጋር በሯ ላይ ቆምኩ። ጫማው ከነሳጥኑ በሩ አጠገብ ነበር።

በሚያዝያ 2024፣ ከፋሲካ በፊት፣ እንደገና ስሄድ ጫማውን እኔ ራሴ ጠይቄ ወሰድኩት። «እናቴን ያስታመመቻት ጎረቤታችን ናት፤ ለእሷ ስጥልኝ» አለችኝ። ሽሮ ሜዳ ወጥቼ ሴትዮዋን አገኘኋት። ሳጥኑን ከፍታ ጫማውን አገላብጣ አየችው።

«ውይ፣ ይኸው ነው?» አለች። «እማማ ልጃቸው በስልክ ነግራቸው ነበር። በየሳምንቱ "ጫማዬን ይዞ የመጣ ሰው አለ?" ይሉኝ ነበር።»

ያላመጣሁት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳት። ዝም ብዬ ልመለስ አልቻልኩም። ትንሽ አሰበችና «ምን ታደርግ ጋሼ፣ መንገደኛ ሸክሙ ብዙ ነው» አለችኝ። ቡና ሳታጠጣኝም አልለቀቀችኝም። ጫማውን መልሳ ሳጥኑ ውስጥ አድርጋ «ለፋሲካ አደርገዋለሁ» አለች።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ የምጓዝ ስሆን መጀመሪያ የምደውለው መሄድ ለማይችሉት ነው። እኛ መሄድ የምንችለው ለእነሱ እግር ነን። ያቺ እህት ዛሬም ቀጠሮዋን እየጠበቀች ነው።

ውድ አንባቢያን፤ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ አንድ ነገር እንድታደርጉ እለምናለሁ። ተነሥታችሁ መሳቢያውን ክፈቱ። ፓስፖርቱ፣ ግሪን ካርዱ፣ የጉዞ ሰነዱ፣ ቢጫ ካርዱ፣ የልጆቹም ጭምር፣ የሚያልፍበትን ቀን እዩና የቀን መቁጠሪያው ላይ ጻፉ። የጎደለ ካለ ሰኞ ጠዋት ደውሉ። በመካከላችን አገሩን ያየው በሳጥን ተጭኖ ሲመለስ ብቻ የሆነ ወገን አለ፤ እድሮቻችን ይህን ያውቁታል። ከዚህ ፈጣሪ ይሰውረን። ማንም ሳይሞት፣ ማንም ሳይታመም፣ እንዲሁ ለቡና ብቻ አገር ቤት ለመድረስ ያብቃን።

ለሚጓዝ መልካም መንገድ፣ ለቀረው መልካም ትዕግሥት። በቸር ያገናኘን።